መዳብ ከሁለቱም ወገን

ሐበሻ ፊት «አሞኛል» ማለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቃሉ ከአፋችሁ ወጥቶ ሳያልቅ መድኃኒቱ ይታዘዛል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር ይላችኋል፣ ሌላዋ ዳማከሴ አሽታ ታጠጣችኋለች፣ ሦስተኛው ደግሞ አምና ለጥርሱ ታዝዞለት የተረፈውን ክኒን ከኪሱ አውጥቶ «ይቺን ዋጥ አድርጋት» ይላል። ይህ ፍቅር ነው፤ አልቀለድኩም። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ እንዲህ በአደባባይ የምናክመው ሁሉንም በሽታ አይደለም። ስኳርና ደም ብዛት በሠርግም በለቅሶም ይወራሉ፤ የጠገበ ሰው በሽታ ናቸውና ትንሽ ይኮራባቸዋል እንኳ። ሌላ ዓይነት በሽታ ደግሞ አለ፤ ስሙ ሲነሳ ሰው ወደ በሩ ዞር ብሎ የሚያይበት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የአገሬ ሰው አላጋጠመኝም። ሲሠራበት ያየሁት ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤት ገና አንድ ሁለት እያለ ብቅ ማለት የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔ ታክሲ እነዳለሁ። የምኖረው ሚድ ሲቲ፣ ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጫቀጭ አፓርታማ ውስጥ ነው። ከኔ በላይ ባለው ፎቅ እትዬ ዘነበች ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ባላቸው አገር ቤት ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸውን ይዘው በሱዳን በኩል የመጡ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ትልቋ ሰናይት ፌርፋክስ ላይ አስተናጋጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ ዳንኤል መሀል ከተማ ሆቴል በር ላይ የሀብታም መኪና ፓርክ ያደርጋል። ሁለቱም «ጋሼ» ይሉኛል፤ «ጋሼ» ካሉ በኋላ ግን «አንተ» ነው የሚያስከትሉት። አሜሪካ የወጣትን አንቱታ ኤርፖርት ላይ ታስቀርበታለች። እትዬ ዘነበችን ግን አንተም አንቺም የሚል አልተወለደም።

ሰናይት መጀመሪያ የጣለችው ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆ ማንም ይጥላል። ቀጥላ አንድ ሙሉ ትሪ ጣለች። ከዚያ አንድ ክራቫት ያደረገ ደንበኛ ላይ ሽሮ ደፋች። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ንግግሯም እንደ ሰከረ ሰው እየተጎተተ መጣ። እንዲያውም አንዱ ደንበኛ «ይቺ ልጅ ጠጥታ ነው የምትሠራው» ብሎ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ተናገረ። ልጅቷ ለስላሳ እንኳ የማትወድ ናት። ሴትዮዋ ወደ ማዕድ ቤት አዛወረቻት፤ እዚያ ደግሞ ቢላ አለ። በመጨረሻ «እስኪሻልሽ ቤት አረፍ በዪ» ተባለች።

ፌርፋክስ አካባቢ ያኔ የነበርነው ሐበሾች ጥቂት ነበርን። ሐኪሞቹ ግን ብዙ ነበርን። አንዷ «ዓይን ነው» አለች። ሌላው «ድብርት ነው፣ ብቻዋን አትተዉአት» አለ። ሦስተኛው የኤፍሬምን ስም አነሳ። ኤፍሬም ቫን ናይስ የሚኖር፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው። በየእሁዱ ያን ሁሉ ፍሪዌይ ድራይቭ አድርጎ እየመጣ፣ ሰናይት በምታስተናግድበት ጥግ ተቀምጦ አንድ ጥብስ ግማሽ ቀን ይበላል። ፍቅር እጅ ያንቀጠቅጣል እንዴ? ያንቀጠቅጣል ተባለ።

እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በጀሪካን አስመጥተው አጠመቋት። አልሻል ሲላት፣ ኖርዝ ሆሊውድ ያሉ ጴንጤ ዘመዳቸው የጸሎት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡና ጸለዩላት። «እርስዎ ኦርቶዶክስ አይደሉ እንዴ?» ብዬ እትዬ ዘነበችን ብጠይቃቸው፣ «እግዜሩ አንድ ነው፤ የተለያየው ፓርኪንጉ ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ታክሲ የሚነዳ ሰው እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ እንድታመጣ አዘዛት፣ መስመር ላይ አስኬዳት፣ ደም ወሰደ። ኋላም ለዓይን ሐኪም ላካትና በመሣሪያ አዩላት። ዓይኗ ጥቁር ስለሆነ በባዶ ዓይን አይለይም እንጂ፣ የዓይኗን ጥቁር ዳር ዳሩን ቡናማ ቀለበት ከብቦት ነበር። መዳብ ነው።

«መዳብ ነው የሚለው» አልኳቸው እትዬ ዘነበችን።

«የምን መዳብ?»

«ምግብ ውስጥ ያለ ነው። የኛ ጉበት ትንሹን ያስቀርና የቀረውን ያስወጣል። የሷ ጉበት ማስወጣት አቅቶት፣ ጉበቷ ላይና አንጎሏ ላይ ተጠራቅሟል።»

እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። «የኔ ድስቶች በሙሉ አሉሚኒየም ናቸው። ንገረው» አሉ።

ነገርኩት። ሐኪሙ ድስቱ ጥፋት እንደሌለበት አስረዳ። መድኃኒት እንዳለው፣ ክኒኑ መዳቡን በሽንት እንደሚያስወጣ፣ ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድና ከተቋረጠ ግን በሽታው እንደሚገድል ተናገረ። መጀመሪያ አካባቢ ሊብስባት እንደሚችልም አልደበቀም። ከዚያ ያቺን ቃል አመጣ። በሽታው ከወላጅ በዘር የሚወረስ ነው፤ እህት ወንድም ካላት ይመርመሩ አለ። እኔም እንዳለው አድርጌ ተረጎምኩ።

እትዬ ዘነበች ሐኪሙን ትተው እኔን አዩኝ። «ይህቺ ቃል እዚሁ ትቅር» አሉ።

«የትኛዋ?»

«በዘር ያልካት።»

«ዳንኤል መመርመር አለበት እኮ፣ እትዬ።»

«ዳንኤል እንደ በሬ ነው። ምኑ ሊመረመር!»

አትፍረዱባቸው። እኛ ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት ቆጥረን የምናጣራ ሰዎች ነን። የምንቆጥረው ለሥጋ ዝምድና ነው ይባላል፤ እግረ መንገዳችንን ግን ማን አብዶ ነበር፣ ማን ይጥለው ነበር፣ ማን በምን ሞተ የሚለውንም እንለቅማለን። በዚያ ላይ ነገሩ መዳብ ነው። አገር ቤት ማዕድን አቅልጦ የሚቀጠቅጥ ሰው በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ ዓይኑ እንዴት ይፈራ እንደነበር ታውቃላችሁ። ማረሻችንን፣ ቢላችንንና መስቀላችንን የሠራልንን ሰው «ዓይኑ ይበላል» ብለን ከገበታችን ያራቅን ሕዝብ ነን። እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰቡት፤ ፌርፋክስ ላይ «የዘነበች ልጅ ዓይኗ ውስጥ መዳብ ተገኘ» ሲባል። ቀጥሎ የሚባለውን ሌላ ሰው መንገር አያስፈልጋቸውም።

እኔ ለዳንኤል ነገርኩት፤ ሥራው ቦታ ድረስ ሄጄ። ቁልፍ እየወረወረ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አይም ፋይን። እየኝማ!» አየሁት። እውነትም እንደ በሬ ነበር።

ሰናይት ክኒኑን ጀመረች፤ ባሰባት። ምግብ አፏ ውስጥ ጣዕም አጣ፣ ያቅለሸልሻታል፣ እጇ ማንኪያ አልይዝ አለ። ሐኪሙ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ግን «ሊብስ ይችላል» ብሎ መናገርና የልጅን መባስ ቁጭ ብሎ ማየት ለየቅል ናቸው። በዚያ ላይ ሐኪሙ ጉበት አትብላ፣ ቸኮሌትና ለውዝ ይቅር፣ ምስር ይቀነስ ብሏል። ጾም ገብቶ ነበር። «ምስር ካልበላች ምን ልትበላ ነው? አየር?» አሉ እትዬ ዘነበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐኪሙን በልባቸው አሰናበቱት።

ያኔ ነው አንድ የታክሲ ጓደኛዬ ስለ ቻይናው አዋቂ ያወራው። ቻይናታውን ውስጥ ሥር ቅጠል የሚሰጥ ሽማግሌ አለ፤ የሱን የኩላሊት ጠጠር እንደ ጨው አሟሙቶለታል። እትዬ ዘነበች ሰሙ። በነጋታው ሦስታችን ታክሲዬ ውስጥ ነበርን።

ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ትንንሽ መሳቢያ ሲሆን፣ ሽታው ደግሞ የአፈርና የቆዳ ነገር ነው። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሴት ልጃቸው ታስተረጉማለች። እትዬ ዘነበች በአማርኛ ለኔ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ለልጅቱ፣ ልጅቱ በቻይንኛ ለአባቷ። አንድ «እንቅልፍ የላትም» ያን ሁሉ አገር ዞሮ ሲመለስ ምን ሆኖ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ሽማግሌው የሰናይትን ሁለት እጅ አንጓ በሦስት ጣት ይዘው ብዙ ቆዩ። ምላሷን አዩ። እኔ የሆስፒታሉን ነገር ላነሳ ስል እትዬ ዘነበች ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ሐኪም አይደል? ራሱ ይወቀው» አሉ። አገር ቤት አዋቂ የሚፈተነው እንደዚህ ነው፤ የነገርከውን መልሶ የሚነግርህ ምኑን አዋቂ ሆነ?

መልሱ መጣ። «ጉበቷ ሞቋል። ከጉበቷ ንፋስ ተነስቶ ሰውነቷን ያንቀጠቅጣታል።»

«ንፋስ!» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ፊታቸው በራ። «ምች ነው በለኛ! አየህ? አገር ያለው ሐኪም እንዲህ ነው!»

ሽማግሌው መሳቢያ እየሳቡ ቢጫ ሥር፣ የዛፍ ልጣጭ፣ የደረቀ አበባ የሚመስል ነገር መዝነው በወረቀት ጠቀለሉ። ቤት ሲፈላ ጊዜ ሽታው ፎቅ ወርዶ እኔ ትራስ ውስጥ ገባ። የአፓርታማው ተቆጣጣሪ መጥቶ አይጥ ሞቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሰናይት አፍንጫዋን ይዛ ስትጠጣው፣ እናቷ «ኮሶ ጠጥተን ነው ያደግነው፤ ዋጪው» ይሏታል። እንደ ኮሶም ያስሮጣል። ክኒኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ።

እንደ ተአምር ተሻላት። ማቅለሽለሹ ጠፋ፣ በላች፣ ሳቀች። ከመጠጡ ይሁን ክኒኑን ከመተዋ የለየ ሰው አልነበረም፤ መለየት የፈለገም አልነበረም። ወሬው ፌርፋክስን አዳረሰ። ሪህ ያለበትም፣ ፀጉሩ የሚረግፍበትም፣ አረንጓዴ ካርድ የዘገየበትም ቻይናታውን መመላለስ ጀመረ። አመላላሹ እኔ ነኝ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሰናይት ደረጃ ላይ ወደቀች። ከዚያ መራመድ ሌላ ሰው የሚፈልግ ነገር ሆነ። ምራቋን መዋጥ አቃታት። ንግግሯ መጀመሪያ ተጎተተ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ አንድ ቀን ጨርሶ ቀረ። ዓይኗ ግን ሁሉን ይከታተላል፤ ያ ነው የከፋው። ኤፍሬም እሁድ ሲመጣ ስሙን ልትጠራ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አልወጣም፤ እንባዋ ወረደ። እሱ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ በስትሮ ሊያጠጣት እየሞከረ፣ «አትናገሪ፤ የኔንም ያንቺንም እኔ አወራለሁ» አላት። ከዚያ ያ ዝምተኛ ልጅ ሙሉ ቀን አወራ። ስለ ሽቦ፣ ስለ ቮልት፣ ስለ ቫን ናይስ ሙቀት። እኔ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ፤ መስማት አልቻልኩም።

እትዬ ዘነበች ግን «ጠንከር ያለ ይስጠን» አሉ። ዳንኤል እህቱን አቅፎ ታክሲ ውስጥ አስገባት፤ ቻይናታውን ሄድን። ሽማግሌው ገና ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሱ። እጇን አልያዙም። ልጃቸውን አንድ ነገር አሏት።

«ሆስፒታል ሄዳ ታውቃለች ወይ? ምን አሏት? ይላል» አለችኝ ልጅቱ።

ተረጎምኩ። እትዬ ዘነበች መሬት መሬቱን አዩ። እኔ አፌን ልከፍት ስል፣ ሰናይት በሚንቀጠቀጥ እጇ የቦርሳዋን ዚፕ ትታገል ጀመር። ማንም አላገዛትም፤ ምን እንደምትፈልግ አልገባንም። ብዙ ታግላ ከፈተችው። የክኒኑን ጠርሙስ ከቁም ሣጥን አውጥታ ይዛው ኖሯል። ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ልጅቱ ጽሑፉን ለአባቷ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ጮኹ። ልጅቱ ስታስተረጉም ቁጣውን አለዝባዋለች መሰለኝ፤ የደረሰን ግን በቂ ነበር። ሽማግሌው በአገራቸው ሆስፒታል ሲሠሩ እንዲህ ያሉ በሽተኞች አይተዋል። መጠጡም ክኒኑም ባንድ ላይ ነበር የሚሰጠው። መጠጡ ሆድ እየጠረገ ያግዛል እንጂ በክኒኑ ቦታ አይቆምም። «ክኒኑን ተዉት ያላችሁ ማነው?» ይላሉ። ማንም አላለንም። ከዚያ ጣታቸው ወደ ዳንኤል ዞረ።

«ወንድሟ ነው? እሱስ ተመርምሯል?»

እትዬ ዘነበች ትርጉሙን ሳይጠብቁ ገባቸው። «እሱም በዘር አለ?» አሉኝ።

«አሉ፣ እትዬ።»

አጠገባቸው የነበረ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ከአንዱ ሐኪም ሸሽተው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሐኪም ዘንድ ቢደርሱ፣ ቃሏ ቀድማቸው ደርሳ ተቀምጣ አገኟት። ትንሽ ቆይተው ተነሱና፣ «ዳንኤል፣ እህትህን ያዝ። ወደ ሆስፒታል። አንተም ደም ትሰጣለህ» አሉ።

«ማዘር፣ እኔ እኮ ዎርክ...»

«መኪናው ራሱን ያቁም!»

ሰናይት ተኛች፤ በአፍንጫዋ ቱቦ ገባላት፤ ክኒኑ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ አለ። የዳንኤል ውጤትም መጣ። አለበት። ምንም ሳይሰማው፣ መኪና እያሽከረከረ፣ ቁልፍ እየወረወረ፣ ጉበቱ መጎዳት ጀምሯል። በሬው ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ለእናቱ ደግሞ በአማርኛ፣ «ሶ፣ ባላውቅ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ እህቱ ወደተኛችበት ክፍል ተመለከተ። ዳንኤል የመጀመሪያዋን ክኒን እዚያው፣ የሁላችንንም ዓይን እያየ ዋጣት።

እትዬ ዘነበች አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። «ንገረው፤ በአባታቸው ወገን እጁ የሚንቀጠቀጥ አጎት ነበር። ከዚያ ነው» አሉኝ። ነገርኩት። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳ። ይህ በሽታ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ አይታይም፤ የሚታየው ልጁ ከአባትም ከእናትም ሲደርሰው ነው። ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ሳይታመሙ ይኖራሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፍሪዌዩ ተዘጋግቶ ነበር።

«ተካ» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ «እኔም አዋጥቻለሁ ማለት ነው?»

«እኩል፣ እትዬ።»

«ሟቹን ባሌን ይህን ሁሉ ወር በሆዴ ጥፋቱን ሁሉ ሳሸክመው!» አሉና፣ ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ሳይለይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሰናይት የዳነችው በአንድ ጀምበር አይደለም። ክረምት አለፈ፣ በጋ አለፈ። መጀመሪያ መዋጥ ተመለሰ፣ ቀጥሎ መቆም፣ ከዚያ ቃል በቃል ንግግር። ዛሬም ስትናገር ትንሽ ትጎትታለች፤ ብርጭቆም በሁለት እጇ ነው የምታነሳው። ሐኪሙ የቻይናው መጠጥ ውስጥ ምን እንዳለ ስለማያውቅ እንድትተወው ለመናት፤ ተወችው። ሽማግሌው አልተቀየሙም። የተረፈውን ጥቅል እትዬ ዘነበች ለሆድ ድርቀታቸው ራሳቸው ጠጡት። በጣም ሠርቶላቸዋል።

ኤፍሬም ሽማግሌ የላከው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሎች ከቫን ናይስ መጡ። መሪያቸው ጋሽ በቀለ የሚባሉ፣ የኤፍሬምን ቤተሰብ ከአገር ቤት ጀምሮ የሚያውቁ፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የማይለያቸው ሰው ናቸው። እኔ በልጅቷ ወገን ተቀምጫለሁ። በደንቡ መሠረት ሽማግሎቹ «ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። በደንቡ መሠረት እኛ «ዘሩን እናጣራ፣ ቀጠሮ እንስጥ» ልንል ነው። እትዬ ዘነበች ግን ደንቡን ትተው ብድግ አሉ።

«ከመቀመጣችሁ በፊት ስሙኝ» አሉ። «ልጄ ደሟ ውስጥ መዳብ ይጠራቀማል። ወንድሟም አለበት። በዘር የመጣ ነው፤ ከአባቷም ከኔም። ዕድሜ ልኳን መድኃኒት ትወስዳለች። ይህን ሰምታችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ተቀመጡ፤ የማትቀመጡ ከሆነ በሩ ክፍት ነው።»

ፒኮ ላይ አውቶቡስ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጫቀጨ። ሰናይት ጓዳው በር ላይ ቆማ ስትሰማ አየኋት።

ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኛም መደበቅ ነውር ነው» አሉ። «የልጁ እናት ስኳር አለባቸው። ከባድ ስኳር።»

«አያቱም በሱ ነው የሄዱት» አሉ ሁለተኛው።

«ያ አጎቱስ?» አሉ ሦስተኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብዙ ዘመን ጸበል ቦታ ታስሮ የኖረው?»

«እሱንማ መንገር አለብን» አሉ ጋሽ በቀለ።

አንዱ ሲጀምር ሌላው እየቀጠለ፣ የኤፍሬም ዘመዶች እስከ ቅድመ አያት ድረስ ከነሕመማቸው ምንጣፉ ላይ ተሰለፉ። የሚጥለውም ወጣ፣ በልብ የሞተውም ወጣ። በመሀል ሦስተኛው ሽማግሌ «እኔም ኪንታሮት አለብኝ» አሉ።

«እርስዎ የልጁ ዘመድ ነዎት?» አልኳቸው።

«አይደለሁም። ሰው ሁሉ ሲናገር ጊዜ ቀለል ይለኛል ብዬ ነው።»

እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ሳቁ፤ ከሳቸው በኋላ ማን ሳይስቅ እንደቀረ አላውቅም። ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ልጅቷ ትጠየቅ ተባለና ተጠየቀች። ሰናይት እየጎተተች፣ ግን ጥርት ባለ ድምፅ፣ «እሱ ለኔ አውርቶልኛል፤ አሁን ተራው የኔ ነው። እሺ ብያለሁ» አለች።

ለኤፍሬም የምሥራቹን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ታች መንገድ ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ መሪውን ጨብጦ ይጠብቃል። ሲያየኝ መስኮቱን አወረደ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«ሰጥተውሃል። እናትህ ስኳር ቢኖርባቸውም፣ ያ አጎትህም ጸበል ቦታ ታስሮ የኖረ ቢሆንም፣ ልጅቱ እሺ ብላለች።»

ፊቱ መጀመሪያ በራ። ከዚያ ግራ ተጋባ።

«የቱ አጎቴ?» አለኝ።